ማጀት ችሎት ሲሆን፦ ሴቶች በሪያሊቲ ቴሌቪዥን የተሣሉበት ታሪክና የቋንቋው ምስክርነት

መግቢያ

«ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት» የሚለው የቆየ የአማርኛ ብሂል ሁለት ቦታዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ንግግሮችንም ይለያል። በችሎት የሚነገር ቃል ይመዘገባል፣ ምስክር ይቆጠርበታል፣ ያስፈርዳል። በማጀት የሚነገረው ግን የቤት ገመና ነውና እዚያው እንዲቀር ይጠበቃል። በአማርኛ ብዙውን ጊዜ «ሪያሊቲ ሾው» እየተባለ የሚጠራው የቴሌቪዥን ዘርፍ ይህን ድንበር አፍርሷል። ያፈረሰበት መንገድ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሴቲቱን ከማጀት አውጥቶ በዳኝነት ወንበር አላስቀመጣትም፤ ማጀቱን ራሱን ችሎት አድርጎታል። በዚህ ችሎት ሴቲቱ ተከሳሽም፣ ምስክርም፣ ማስረጃም ትሆናለች፤ መዝገቡን የሚጽፈውና የሚያርመው ግን ሌላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሴቶች በዘርፉ የተሣሉበትን ታሪክ ከአሜሪካ የሬዲዮ ዘመን አንሥቶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ የገበሬ ሴቶች ውድድር ድረስ በዐበይት ምዕራፎቹ ይከተላል። የሚያቀርበው ክርክር አንድ ነው። ሴቲቱ በስክሪን ላይ የምትይዘው መልክ ከጠባይዋ ይልቅ ከተጠየቀችው ጥያቄና ንግግሯን ከቆረጠው እጅ የሚመነጭ ነው፤ ይህም በምትናገርበትና በሚነገርባት ቋንቋ ላይ አሻራውን ይተዋል። ጉዳዩ የቋንቋ አጥኚዎችን የሚነካውም ለዚህ ነው። አብዛኞቹ የክፍለ አህጉሩ ቋንቋዎች ሳይጻፍ የተነገረ፣ ተቀርጾ የተቀመጠ የንግግር ክምችት ያንሳቸዋል። ሰዎች ለብዙ ሰዓታት ሲነጋገሩ የሚታዩባቸው እነዚህ ትርዒቶች ለአጥኚው እንደ ተዘረጋ ማዕድ ሊታዩት ይችላሉ። ማዕዱን ማን እንዳሰናዳው ሳይጠይቁ መቅረብ ግን የአዘጋጆችን ሥራ የሴቶች ንግግር ነው ብሎ ወደ ሰዋስውና ወደ መዝገበ ቃላት ማስገባት ይሆናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. በጭብጨባ የነገሠች ችግረኛ

የዘርፉ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከ1990ዎቹ ይጀመራል። የሴቶችን አሣሣል በተመለከተ ግን ሥሩ ከዚያ ቀደም ይላል። «የአንድ ቀን ንግሥት» የተሰኘው የአሜሪካ ዝግጅት በ1945 በሬዲዮ ተጀመረ፤ ከ1956 እስከ 1964 ድረስም በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በየዕለቱ ጥቂት ሴቶች አቅራቢው ጃክ ቤይሊ ፊት እየቀረቡ ምን እንደሚፈልጉና ለምን እንደሚፈልጉ ይናገሩ ነበር። የታመመ ልጅ፣ ሥራ ያቃተው ባል፣ የልብስ ማጠቢያ መኪና ማጣት፣ እነዚህን የመሳሰሉ የቤት ችግሮች የተለመዱ ርእሶች ነበሩ። በመጨረሻ በአዳራሹ የተሰበሰበው ታዳሚ ለእያንዳንዷ ያጨበጭባል፤ የጭብጨባው ኃይል በመለኪያ ይነበባል፤ ከፍተኛውን ያገኘችው ዘውድ ይደፋላታል፣ ቀይ ከፋይ ካባ ይደረብላታል፣ ሽልማቷንም ትወስዳለች።

ይህ ቀላል የሚመስል ጨዋታ ለኋላው ዘመን የሚቆዩ ሦስት ነገሮችን ተክሏል። አንደኛ፣ ለሴቲቱ የቀረበላት ጥያቄ «ምን ጎደለሽ?» የሚል ነው፤ ምን እንደምታውቅ ወይም ምን እንደሠራች አትጠየቅም። ሁለተኛ፣ ዳኛው ስም የሌለው ብዙኃን ነው። ሦስተኛ፣ የምታሸንፈው ችግሯን አሳምራ የተናገረች ናት። ለአማርኛ አንባቢ ይህ አቤቱታን ሊያስታውሰው ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አቤቱታ አቅራቢ በመብቷ ላይ ቆማ ፍትሕን ትጠይቃለች፤ ቃሏም ከሕግ ወይም ከልማድ ጋር ይመዘናል። በ«ንግሥቲቱ» መድረክ ላይ የሚመዘነው ግን የአድማጩ ሐዘኔታ ነበር። ሁለት ሴቶች እኩል እውነት ቢናገሩ እንኳ አንዷ ባዶ እጇን ሳይሆን በትንሽ ስጦታ ትሸኛለች፤ ጭብጨባው ለሌላዋ በርትቷልና። ንግግር ከእውነትነቱ ይልቅ በሚያስነሣው ስሜት የሚመዘንበት ሥርዓት ከዚህ ይጀምራል።

2. ሦስት መቶ ሰዓትና ዐሥራ ሁለት ክፍል

ሁለተኛው ምዕራፍ የቅንብር ነው። በ1971 አንድ የፊልም ቡድን በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ባርባራ ከተማ የላውድን ቤተሰብ ኑሮ ለወራት ቀረጸ። ከተገኘው 300 ሰዓት ያህል ፊልም ውስጥ 12 የአንድ ሰዓት ክፍሎች ተሠርተው፣ «አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ» በሚል ርእስ በ1973 በፒቢኤስ ጣቢያ ተላለፉ። የሰው ልጅ ጥናት ሊቋ ማርጋሬት ሚድ ሥራውን እንደ ድራማና እንደ ልብ ወለድ መፈጠር ያለ አዲስ ነገር አድርጋ አወድሳው ነበር። በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ የቀረው ግን በተለይ አንድ ትዕይንት ነው፤ የቤቱ እመቤት ፓት ላውድ ባሏን ከቤት እንዲወጣ የጠየቀችበት።

ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። ከተቀረጸው 25 ሰዓት ለተመልካች የደረሰው አንዱ ብቻ ነው። የቀረው 24 ሰዓት ሴቲቱ ልጆቿን ያሳደገችበትን፣ የሠራችውን፣ ያሰበችውን፣ ዝም ያለችበትን ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ ተመልካቹ ያገኛት ሴት ኖራ የነበረችው ሴት ናት ለማለት አይቻልም፤ ከእሷ ኑሮ ተቆርጦ የተሰፋ ምስል ናት። ቤተሰቡ ፊልሙ ከተላለፈ በኋላ በቅንብሩ ላይ ቅሬታውን ገለጸ፤ ፓት ላውድም በ1974 የራሷን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች። በዘርፉ ታሪክ ገና በጠዋቱ አንዲት ሴት ስለ ራሷ የተነገረውን ለማረም ወደ ሌላ መሣሪያ፣ ወደ ጽሕፈት፣ መሄድ ነበረባት። ካሜራው ፊት የተናገረችው ሁሉ የራሷ ቃል ነበር፤ የቃሎቹ ቅደም ተከተል ግን የእሷ አልነበረም። ለቋንቋ አጥኚ ይህ ልዩነት መሠረታዊ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ዐውዱ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

3. ጽጌረዳና መስተዋት

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዘርፉ በአሜሪካና በአውሮፓ የምሽቱን ዋና ሰዓት ያዘ። በመጋቢት 2002 በኤቢሲ የጀመረው «ዘ ባችለር» አንድ ወንድን በ25 ሴቶች መካከል አቆመ። በየክፍሉ መጨረሻ ወንዱ ለሚያስቀራት ሁሉ ጽጌረዳ ይሰጣል፤ ጽጌረዳ ያልደረሳት ትሰናበታለች። ጥያቄው ከ«ምን ጎደለሽ?» ወደ «ማን መረጠሽ?» ተዛወረ። በ2003 ሴቲቱ መራጭ የሆነችበት «ዘ ባችለሬት» ተከተለ። መራጩ ቢለወጥም ውድድሩ የሚሽከረከርበት ጉዳይ ግን ያው ጋብቻ ሆኖ ቀጠለ። በዚህ ትርዒት ጥቁር ሴት የመራጭነቱን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው በ2017 ነው። ሴትነት በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚሣል የሚወስነው ሥርዓት የትኛዋ ሴት ተፈላጊ ተብላ እንደምትታይም ይወስን ነበር።

በ2004 በፎክስ ጣቢያ የቀረበው «ዘ ስዋን» ደግሞ ነገሩን ወደ ጫፍ አደረሰው። መልካቸው እንዳላማረ ተደርገው የቀረቡ ሴቶች ለሦስት ወራት ያህል በቀዶ ሕክምና፣ በምግብ ቁጥጥርና በስፖርት እየተለወጡ ይቆያሉ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ መስተዋት ማየት የተከለከለ ነበር። በመጨረሻ አዲሱን መልካቸውን በካሜራ ፊት ያያሉ፤ ከዚያም የተመረጡት ለቁንጅና ውድድር ይቀርባሉ። መስተዋቱ የተከለከለበት ምክንያት ለትርዒቱ ግልጽ ነው፤ ድንጋጤው ለተመልካች መቆጠብ አለበት። ሴቲቱ የራሷን ፊት ከሌሎች ሁሉ በኋላ የምታይበት ይህ ዝግጅት የዘርፉን አሠራር በአንድ ምስል ይጠቀልለዋል።

በዚሁ ዘመን ለብቻ መናገሪያው ክፍል የዘርፉ መለያ ሆነ። ተሳታፊዋ ከሌሎች ተለይታ ለካሜራ ትናገራለች፤ አዘጋጁ ይጠይቃል፤ በቅንብሩ ጊዜ ጥያቄው ይወጣና መልሱ ብቻ ይቀራል። «ስለ እገሊት ምን ይሰማሻል?» ተብላ ተጠይቃ የመለሰችው ቃል ማንም ሳይጠይቃት የተናገረችው ሐሜት ሆኖ ይታያል። ከተለያየ ጊዜ የተነገሩ ቃላትን ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ማድረግም በሙያው የታወቀ አሠራር ነው። ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ የሚጠራው ከኑዛዜ በተወሰደ ስም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ ልማድ ንስሐ የሚገባ ሰው የንስሐ አባት አለው፤ የንስሐ አባት ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነው። የቴሌቪዥኑ ኑዛዜ ምስጢር ጠባቂ የሌለው ኑዛዜ ነው። የሚያደምጠው ሊገልጠው ያደምጣል። ተንኮለኛዋ፣ አልቃሻዋ፣ ጠበኛዋ፣ የዋሂቱ የሚባሉት ተደጋጋሚ የሴት ገጸ ባሕርያትም በብዛት የሚቀረጹት ከዚህ ክፍል በተገኘ ንግግር ነው።

4. «ታላቅ ወንድም» በአፍሪካ

«ቢግ ብራዘር» በ1999 በኔዘርላንድስ ተጀመረ። ስሙ በጆርጅ ኦርዌል «1984» ልብ ወለድ ውስጥ ሁሉን ከሚያየው ገዥ የተወሰደ ነው። ስሙ ወደ አፍሪካ ቋንቋዎች ሲሻገር ግን ሌላ ትርጓሜ ይደረብበታል። በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ውስጥ ታላቅ ወንድም የእኅቱን ውሎና አዳር የሚጠይቅ፣ ስለ ክብሯ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል፣ አንዳንዴም የሚቀጣ ዘመድ ነው። ኦርዌል በገዥው አካል ላይ የሳለውን ሥልጣን ቤተሰቡ በዝምድና ስም ያውቀዋል። ስለዚህ ሴት ተሳታፊ በዚህ ቤት ውስጥ ስትገባ የምትታየው በአንድ ዓይን ብቻ አይደለም፤ ከካሜራው በስተኋላ በአገር ደረጃ የተቆጠሩ «ታላቅ ወንድሞች» አሉ።

በ2003 በደቡብ አፍሪካው ኤምኔት አማካይነት የቀረበው የመጀመሪያው «ቢግ ብራዘር አፍሪካ» ከ12 አገሮች የመጡ 12 ሰዎችን በአንድ ቤት አኖረ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ተወክለው ነበር። ትርዒቱ ብርቱ ውዝግብ አስነሣ። የማላዊ ፓርላማ በብሔራዊው ቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ወሰነ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ እገዳውን ሻረ። የናሚቢያው ፕሬዚዳንት ሳም ኑጆማ የአገሪቱ ማሰራጫ ድርጅት ትርዒቱን እንዲያቆም ጠየቁ። በተቃውሞው ውስጥ ጎልቶ የወጣው ጉዳይ የገላ መታጠቢያ ትዕይንቶች፣ የዕርቃንና የባህል ክብር ጥያቄ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ተመልካቾች በድምፃቸው አሸናፊ ያደረጓት የ24 ዓመቷን ዛምቢያዊት ቼሪስ ማኩባሌን ሲሆን፣ ሽልማቷም 100,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2013 ሌላ ሴት፣ ናሚቢያዊቷ ዲሊሽ ማቲውስ፣ 300,000 ዶላር አሸንፋለች።

እነዚህ ሁለት እውነታዎች ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። አህጉሩ ስለዚህ ትርዒት የተናገረው በአንድ ድምፅ አልነበረም። በምክር ቤትና በመድረክ ላይ የተሰማው ንግግር ስለ ነውር ሲሆን፣ በስልክ መልእክት የተቆጠረው ድምፅ ግን ለሴት ብልኀት፣ ትዕግሥትና ተጫዋችነት ዋጋ ሰጥቷል። የትርዒቱን ታሪክ ከተቃውሞው ቃላት ብቻ የሚጽፍ አጥኚ ግማሹን ተመልካች ይስታል።

በኋለኞቹ ዙሮች ኢትዮጵያውያንም በቤቱ ገብተዋል። በዚያን ጊዜ አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ያዘጋጃቸው ሐረጎች ሥራ ላይ ይውላሉ። «አገር አሰደበ»፣ «ስማችንን አጠፋ»፣ «ለባህላችን እንግዳ ነው» የሚሉት ሐረጎች ግለሰቡን የአገር ምልክት ያደርጉታል። ሐረጎቹ በሰዋስው ለሁለቱም ጾታዎች ያገለግላሉ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ሴት የቤተሰብ ክብር ጠባቂ ተደርጋ በምትታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ «አሰደበች» የሚለው ግስ ከ«አሰደበ» ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ወንዱ ተመልሶ ሲሠራና ሲያገባ ይረሳለታል፤ ለሴቲቱ ግን ተቆርጦ የተሰፋው ምስል የመታወቂያዋ ያህል ይከተላታል።

5. ሰዋስው የሚመሰክረው

እስካሁን የተከተልነው ታሪክ በቋንቋ ውስጥ የሚታይባቸው ቢያንስ ሦስት ቦታዎች አሉ፤ መጠሪያ፣ ግስና ቃል።

ከመጠሪያ ይጀመር። አማርኛ በነጠላ ሁለተኛ መደብ «አንተ»ን ከ«አንቺ» ይለያል፤ ግሱም «መጣህ»፣ «መጣሽ» እያለ ይከተላል። በአክብሮት መደብ ግን «እርስዎ መጡ»፣ «እሳቸው መጡ» ይባላል፤ ወንድና ሴት አይለዩም። በአማርኛ አክብሮት ጾታን ይሰውራል። ስለዚህ በመድረክ ላይ ዳኞች ተወዳዳሪዋን «አንቺ» ሲሏት ዕድሜዋን ወይም ደረጃዋን ብቻ አይናገሩም፤ ሴትነቷ በእያንዳንዱ ግስ መጨረሻ ይደጋገማል። እሷ ለዳኞቹ «እርስዎ» ስትል የእነሱ ጾታ ከግሱ ይጠፋል። ፈራጁ ጾታ አልባ፣ የሚፈረድባት ጾታዋ የሚታወቅ ትሆናለች። ወንድ ተወዳዳሪም «አንተ» ይባላል፤ ነገር ግን በአማርኛ የአንስታይ መልክ ማቆላመጫም ማሳነሻም ሆኖ የሚያገለግል በመሆኑ፣ «ትንሿ ክፍል» እንደሚባለው ሁሉ፣ «ልጅቷ» የሚለው መጠሪያ «ልጁ» የማይሸከመውን የማሳነስ ጥላ ሊሸከም ይችላል።

ጎረቤት ቋንቋዎች ይህን በየራሳቸው መንገድ ያደራጁታል። ትግርኛ በአክብሮት መደብም ቢሆን «ንስኹም»ን ከ«ንስኽን» ይለያል፤ ስለዚህ የተከበረች ሴት ሴትነቷ አይሰወርም። አፋን ኦሮሞ በሁለተኛ መደብ «አቲ» ብሎ ጾታ አይለይም፤ የሚለየው በሦስተኛ መደብ፣ «ኢኒ» እና «ኢሼን» በማለት ነው። ሶማሊኛም «አዲጋ» በሚለው ተውላጠ ስም ጾታን አይለይም፤ «ኢሳጋ» እና «ኢያዳ» ግን ይለያያሉ። በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ሴቲቱ ፊት ለፊት ስትጠራ ያልተለየው ጾታ በሌለችበት ሲወራባት ይለያል። ስዋሂሊና ሉጋንዳ ደግሞ በስም ምድብ ሥርዓታቸው ወንድና ሴትን በግስ አይለዩም፤ በስዋሂሊ «አሊኩጃ» የሚለው ለእሱም ለእሷም ይሆናል። አንድ ዓይነት ትርዒት በእነዚህ ቋንቋዎች ሲቀርብ የሴትነት ምልክቱ በተለያየ ቦታ ይወድቃል። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ የተገኘ ትንታኔ ሳይመረመር ወደ ሌላው ሊሻገር አይገባም።

ሁለተኛው ምስክር ግስ ነው። በእንዲህ ያሉ ትርዒቶች ዙሪያ በአማርኛ ስለ ሴት ለመናገር በቅድሚያ የሚመጡት «ተመረጠች»፣ «ተሰናበተች»፣ «ተጋለጠች»፣ «ተዋረደች» የሚሉ በ«ተ-» የሚጀምሩ ግሦች ናቸው። የዚህ ቅጥያ ባሕርይ የታወቀ ነው፤ አድራጊውን የሚሰውር ተደራጊ ግስ ይሠራል፤ በብዙ ግሦች ላይ ደግሞ ወደ ራስ የሚመለስ ድርጊትን ያመለክታል። «ታጠበች» ሲባል ራሷን አጠበች ማለት ነው። «ተጋለጠች» እና «ተዋረደች» በሁለቱ መካከል ይቆማሉ። አንዱ አድማጭ «ሌላ አጋለጣት» ብሎ ይረዳል፤ ሌላው «ራሷን አጋለጠች» ብሎ ይረዳል። ካሜራውን ያስቀመጠው፣ 24ቱን ሰዓት የጣለው፣ ጥያቄውን ያወጣው ሰው በዚህ ግስ ውስጥ ስፍራ የለውም። የቅንብር ክፍሉ በምስል የሠራውን ግሱ በሰዋስው ይደግመዋል፤ አድራጊው ሲጠፋ ኀላፊነቱ በቀረችው ላይ ያርፋል። ግሱ ለወንድም ያው ነው፤ ሆኖም ነውር ቀድሞ ወደ ሴት በሚመለከትበት ማኅበረሰብ ሁለተኛው ትርጓሜ ለእሷ ይፈጥናል።

ሦስተኛው ምስክር የቃላት ነው። «ይሉኝታ» የሚለው ቃል «ይሉኛል» ከሚለው ግስ የተሠራ ነው፤ በውስጡ «እነሱ» አሉ፤ ማንነታቸው ግን አይነገርም። ሰው ነገር ከመሥራቱ በፊት እነዚህ ስም የለሾች ምን እንደሚሉ ያስባል። የጭብጨባ መለኪያውና የስልክ ድምፁ ይህን ስም የለሽ «እነሱ» ቁጥር ሰጥተውታል። «ገመና» ደግሞ በአማርኛ የሚሸፈን፣ የሚከደን ነገር ነው፤ ገመናን የሚሸፍን ሰው ይመሰገናል። ዘርፉ የሚሸልመው ግን የሸፈነችውን ሳይሆን የገለጠችውን ነው። ተሳታፊዋ በሁለት ሕግ መካከል ትገባለች። ከሸፈነች ለትርዒቱ የማትመች ትባላለች፤ ከገለጠች ለማኅበረሰቡ ነውረኛ ትሆናለች። ብዙ ጊዜ የሴቶች «ጠባይ» ተደርጎ የሚወሰደው ከዚህ ጣጣ ለመውጣት የሚደረግ የንግግር ዘዴ ነው፤ መሸሽ፣ ማሾፍ፣ በሌላ ሰው ስም መናገር፣ ዝም ማለት።

6. ጥያቄው ሲለወጥ

የክፍለ አህጉሩ ታሪክ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። በ2006 የተጀመረው «ታስከር ፕሮጀክት ፌም» የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ወጣት ድምፃውያንን በካሜራ በታጠረ ቤት አኑሮ የሙዚቃ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ቤቱና ካሜራው ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሚጠየቀው ግን እንዴት እንደሚዘፈን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አሸናፊዎች፣ ኬንያዊቷ ቫለሪ ኪማኒና ኡጋንዳዊቷ አስቴር ናባሳ፣ ሴቶች ነበሩ። በኢትዮጵያ «ባላገሩ አይዶል» ከገጠርና ከከተማ ድምፃውያንን ወደ መድረክ አቅርቧል። የስሙ ሰዋስው ግን ልብ ይባል። «ባላገሩ» በተባዕት የተወሰነ ነው፤ ሁሉን እንዲያካትት ታስቦ የወንዱን መልክ ይይዛል። ሴት ተወዳዳሪ በስሙ ውስጥ የለችም ባይባልም፣ ተጠርታ አትገኝም።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የታንዛኒያው «ማማ ሹጃ ዋ ቻኩላ» ነው፤ ትርጉሙ «የምግብ ጀግና እናት» ማለት ነው። በኦክስፋም አነሣሽነት በ2011 የተጀመረው ይህ ውድድር በኋላ «ማይሻ ፕላስ» ከተሰኘው ሪያሊቲ ትርዒት ጋር ተጣምሮ፣ ገበሬ ሴቶች በአንድ መንደር አብረው ሲኖሩ፣ ሲሠሩና ሲወያዩ ለአገር ታይተዋል። በዚያው ስያሜ በኢትዮጵያም ሴት አምራቾች የተሸለሙበት መርሐ ግብር ተካሂዷል። የስዋሂሊው ስያሜ አወቃቀር ለቋንቋ አጥኚ ትምህርት አለው። ከዐረብኛ የመጣው «ሹጃ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ «ዋ» የሚለው ተስማሚም የሰውን ምድብ እንጂ ጾታን አያመለክትም። ሰዋስው ሴትን ስለማያሳይ «ማማ» የሚለው ቃል ታስቦበት መጨመር ነበረበት። በአማርኛ ሴትነት ሳይፈለግም ከግሱ ጋር ይመጣል፤ በስዋሂሊ ግን ተመርጦ ይነገራል። በዚህ ስያሜ ሴትነት ከነውር ወይም ከጉድለት ጋር ሳይሆን ከጀግንነትና ከምግብ ጋር ተያይዞ ተመርጧል።

የጥያቄው ለውጥ ግሦቹንም ይለውጣል። ገበሬዋ ስለ መሬትዋ፣ ስለ ዘሯ፣ ስለ ገበያዋ ስትጠየቅ መልሷ «አረስሁ»፣ «ዘራሁ»፣ «ሸጥሁ»፣ «አስተማርሁ» በሚሉ ተሳቢ ባላቸው ግሦች ይሞላል። አድራጊዋ አትሰወርም፤ ራሷ ናት። ይህ ማለት ግን እንዲህ ያለው ትርዒት ቅንብር የለውም ማለት አይደለም። «ማማ» የሚለው ክቡር ስም ራሱ ያልወለደችዋን፣ ወይም እናት ተብላ መጠራት የማትሻውን ሴት የት እንደሚተው መጠየቅ ይገባል። ሴትን በእናትነት በኩል ብቻ ማክበርም አንድ ዓይነት መሣል ነው። ቢሆንም ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የክርክሩን አንኳር ያረጋግጣል። ካሜራው፣ መንደሩና ውድድሩ አንድ ሆነው ሳለ፣ የተለወጠው ጥያቄ ሌላ ሴት አሳይቷል።

7. ለአጥኚው የሚቀር ሥራ

ከ1945 እስከ ምሥራቅ አፍሪካ መንደሮች የተዘረጋው ይህ ታሪክ ለሴቶች የቀረቡ አራት ጥያቄዎች ታሪክ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ምን ጎደለሽ? ማን መረጠሽ? እንዴት ዋልሽ፣ እንዴትስ አደርሽ? ምን ሠራሽ? ሦስቱ ሴቲቱን በሌላ ሰው ፍርድ ሥር ያስቀምጣሉ፤ አራተኛው ስለ ሥራዋ ምስክርነት እንድትሰጥ ያደርጋታል። ጥያቄዎቹ በየዘመናቸው ተራ በተራ አልመጡም፤ ዛሬም በአንድ ምሽት በተለያዩ ጣቢያዎች ሊሰሙ ይችላሉ።

ከዚህ ለቋንቋ ጥናት የሚከተል ግልጽ የሥራ መመሪያ አለ። ከእነዚህ ትርዒቶች የሚሰበሰብ ንግግር «የሴቶች አነጋገር» ወይም «ተፈጥሯዊ ውይይት» ተብሎ በክምችት ከመመዝገቡ በፊት አራት ነገሮች አብረውት ሊጻፉ ይገባል። የመጀመሪያው የተጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ከተቆረጠም መቆረጡ ይመልከት። ሁለተኛው በሁለቱም ወገን የተሠራበት የአክብሮት መደብ ነው፤ ማን «አንቺ» እንደ ተባለችና ማን «እርስዎ» እንደ ተባለ። ሦስተኛው የቅንብሩ ምልክት ነው፤ ምስሉ የተቀየረበት፣ ድምፁ ከምስሉ የተለየበት፣ የተናጋሪዋ ፊት ሳይታይ የተነገረበት ስፍራ። አራተኛው የተናጋሪዋ ፈቃድ ነው። ለውድድር የተሰጠ ፈቃድ ለዘለዓለም በምሳሌ ዓረፍተ ነገርነት ለመቅረብ የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም፤ አንዲት ሴት በንዴት የተናገረችው ቃል በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ስሟን ይዞ ሲታተም ያው ገመና ለሁለተኛ ጊዜ ይወጣል።

ጥንቃቄው ዋጋ ያስከፍላል፤ አንድ ሰዓት ንግግር ለመመዝገብ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ አንዳንዱ ቅጂም ለጥናት የማይበቃ ሆኖ ይጣላል። ጥንቃቄው ሲጎድል ግን የቋንቋ ጥናቱ ሳያውቀው የቅንብር ክፍሉ ቅጥያ ይሆናል። የነገው አጥኚ ስለ አማርኛ፣ ስለ ትግርኛ፣ ስለ ኦሮሞኛ፣ ስለ ሶማሊኛ ወይም ስለ ስዋሂሊ ሴት ተናጋሪዎች ሊጽፍ ሲነሣ፣ ክምችቱን ሲከፍት የሚያገኛት ሴት የትኛዋ እንደሆነች አሁን በሚጻፈው የኅዳግ ማስታወሻ ይወሰናል። ሰሚው ማን እንደሆነ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ቆራጩ ማን እንደሆነ በመዝገቡ ላይ ከሰፈረ፣ «ተጋለጠች» ለሚለው ግስ ጠፍቶ የነበረው አድራጊ ይመለስለታል።